ክለቡ ሊግ ሲቀይር ደጋፊው የት ይሂድ?

ለገጣፎ ለገዳዲ ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በሜዳው አንድም ጨዋታ ሳያስተናግድ ወረደ። ከመገናኛ እስከ ካራ፣ ከሾላ እስከ እንጦጦ ሥር ያለው የየካ ደጋፊም ኳስን ከስታዲየም ወደ ቴሌቪዥን ቤት ካዞረ ዓመታት ተቆጥረዋል።

አዲስ አበቤ ለገዳዲን የሚያውቀው በውኃው ነው። በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ግን በኳሱም አወቀው። ከአዲስ አበባ ጋር ድንበር የሚጋራው ለገጣፎ ለገዳዲ የከፍተኛ ሊግ ጣጣውን ጨርሶ ከኢትዮ ኤሌክትሪክና ከኢትዮጵያ መድን ጋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። ሁለቱ የድርጅት ክለቦች ናቸው፤ የኋላ ታሪክም ገንዘብም አላቸው። ለገጣፎ ግን አዲስ ነው። ከአያትና ከካራ በታክሲ የሚደረስበት የትንሽ ከተማ ክለብ ከእነ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ስሙ ሊጻፍ ነው ማለት ነው።

በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ ለሚኖር የኳስ ወዳጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነበር። ጊዮርጊስ ሊመጣ ነው፣ ቡና ሊመጣ ነው፣ ፋሲል ሊመጣ ነው! ከኮተቤ ተነስቶ ትልቅ ጨዋታ አይቶ ለእራት ቤት መድረስ የሚቻልበት ዘመን መጣ ያለ ሰው አይፈረድበትም።

ግን ማንም አልመጣም። የ2015 የውድድር ዘመን በባህር ዳር፣ በድሬዳዋ፣ በአዳማና በሀዋሳ እየተዘዋወረ ተካሄደ። ለገጣፎ 30 ጨዋታ አደረገ። ከነዚህ ውስጥ 15ቱ ላይ በወረቀት «ባለሜዳ» ተብሎ ስሙ በፊት ተጽፏል። ባለሜዳው ግን ሜዳው ላይ አልነበረም። ዓመቱ ሲያልቅ ለገጣፎ ከአርባ ምንጭ ከተማና አብሮት ካደገው ኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር ወረደ። ከተማው የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ነበረው፤ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ግን በደጁ አላየም።

ክለቦች ሊግ ይቀይራሉ። ያድጋሉ፣ ይወርዳሉ፣ ከምድብ ወደ ምድብ ይዛወራሉ፣ አንዳንዴም ከነጓዛቸው ከተማ ይለውጣሉ። ውሳኔው በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ የአበል፣ የነዳጅ፣ የጸጥታና የቴሌቪዥን ሒሳብ ይቀርባል። የደጋፊው ሒሳብ ግን ብዙ ጊዜ ወይ ይረሳል ወይ መጨረሻ ላይ ይቀርባል። የለገጣፎ ታሪክ ይህንን ከማንኛውም ሪፖርት በላይ ያሳያል።

ፊደሏ ትንሽ፣ ጣጣዋ ብዙ

ስለ ፕሪሚየር ሊግ ብዙ ተብሏል። ከሱ በታች ያለው ዓለም ግን የሚታወቀው ለጥቂቶች ነው። ከፍተኛ ሊግ የሚባለው ሁለተኛው እርከን በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር ክለቦቹ በሁለት ምድብ ተከፍለው ነበር። በ2011 ደግሞ 36 ክለቦች በሦስት ምድብ፣ ሀ፣ ለ እና ሐ ተብለው አስራ ሁለት አስራ ሁለት ሆነው ተደለደሉ። ከዚህ በታች አንደኛ ሊግ አለ፤ ከዚያም በታች የክልልና የከተማ ውድድሮች ይቀጥላሉ።

ድልድሉ ሲወጣ ጋዜጣ ላይ የሚታየው አንዲት ፊደል ናት። ለክለቡ ግን ፊደሏ ማለት የዓመቱ በጀት ማለት ነው። በደርሶ መልስ ውድድር ከሰሜን ክለቦች ጋር የተደለደለ የአዲስ አበባ ክለብ አውቶቡሱን ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ያዞራል። ወደ ደቡብ የተደለደለው ደግሞ ወደ ዲላ ይነዳል። ሁለቱም ከመዲናዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ናቸው። አንድ የክፍለ ከተማ ክለብ ተጫዋቾቹን፣ አሰልጣኙን፣ ወጌሻውንና ትጥቅ ያዡን ይዞ ሄዶ፣ አድሮ፣ በልቶ ሲመለስ ሒሳቡ ምን እንደሚሆን ለመገመት የሒሳብ ሹም መሆን አያስፈልግም።

ለደጋፊው ደግሞ ፊደሏ ማለት ተቀናቃኝ ማለት ናት። ኳስ ጎረቤት ትፈልጋለች። የመዲናዋ ክፍለ ከተሞች በስማቸው ክለብ አቋቁመው ወደ ከፍተኛ ሊግ የዘለቁበት ጊዜ ነበር፤ የካ ክፍለ ከተማና አቃቂ ቃሊቲ ይጠቀሳሉ። የካ ከለገጣፎ ጋር ቢገናኝ ከሁለቱም ወገን ሰው በእግሩ ጭምር ይመጣል፤ የሰፈር ወሬው ከሰኞ ጀምሮ ይሞቃል። የካን ሩቅ ካለ፣ ስሙን እንጂ ሰዉን ከማያውቀው ክለብ ጋር ብታገናኘው ግን ሜዳ የሚመጣው የተጫዋች ዘመድና የሰፈር ልጅ ብቻ ነው። ጨዋታው ያው 90 ደቂቃ ነው። ነፍሱ ግን አንድ አይደለም።

ታዲያ ምድብ ሲቀየር ከአንድ ዓመት በላይ ያልዘለቀ ፉክክር ስንቱን ጊዜ ተቋረጠ? ባለፈው ዓመት የተሸነፈው ቡድን «ዘንድሮ ብድሬን እመልሳለሁ» ብሎ ሲጠብቅ ተጋጣሚው በሌላ ፊደል ሥር ሆኖ ይገኛል። ብድሩ ሳይመለስ ይቀራል። ደጋፊም የሚጠብቀው ቀን ካላገኘ የዓመቱን ፕሮግራም መጠየቅ ይተዋል።

ባቡሩ ስታዲየም ይቆማል፣ ኳሱ ግን የለም

ዋናው የከተማው ኳስ ከየካ ልጅ እጅ እንዴት እንደወጣ ለመረዳት የባቡሩን መስመር ማየት ይበቃል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነስቶ ሲኤምሲን፣ መገናኛን አልፎ ወደ ጦር ኃይሎች ሲሄድ መንገዱ ላይ «ስታዲየም» የሚባል ፌርማታ አለው። ለየካ ደጋፊ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አልነበረም። ድሮ ከመገናኛ በሚኒባስ ተጋፍቶ፣ ካልሆነም በእግሩ አዝግሞ የሚደርስበት ቦታ በጥቂት ብር ደጁ መጣለት።

የስታዲየም ቀን ደግሞ ጨዋታው ብቻ አልነበረም። ማልያ ለብሶ ከሰፈር መውጣቱ፣ በር ላይ ትኬት ፍለጋው፣ ቆሎና ለውዙ፣ ካታንጋ ልግባ ወይስ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ ልቀመጥ የሚለው ክርክር ሁሉ የኳሱ አካል ነው። የጊዮርጊስና የቡና ደርቢ ሲሆን ደግሞ ከፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከቀበና የወረደው ከኮተቤ ከመጣው ጋር እዚያ ይገናኛል። አንዱ ሰፈር ሁለት ጎራ ሆኖ ይሄዳል፤ ማታ አብሮ ይመለሳል። የሚሳለቀውም የሚሳለቅበትም በአንድ ታክሲ ነው።

የካ በፕሪሚየር ሊጉ የራሱን ስም የያዘ ክለብ የለውም። ስለዚህ የየካ ደጋፊ የከተማ ደጋፊ ነው፤ ጊዮርጊስ፣ ቡና፣ መቻል፣ ንግድ ባንክ፣ መድን ብሎ ተከፋፍሏል። እነዚህን ሁሉ የሚያገናኘው ስታዲየሙ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫ ያነሳችው በዚሁ ሜዳ ነው። አባት ለልጁ «እዚህ ጋ ነው» ብሎ የሚያሳየው ቦታ ነው።

ታኅሣሥ 2013 ፕሪሚየር ሊጉ ኮቪድ ባመጣው አዲስ አሠራር ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች እዚሁ ተደረጉ። ከዚያ ሊጉ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጅማ፣ ወደ ባህር ዳር፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሀዋሳ ሄደ። ከ2014 እስከ 2016 በነበሩት ሦስት የውድድር ዘመናት ሊጉን ያስተናገዱት የክልል ከተሞችና ድሬዳዋ ናቸው። የጊዮርጊስና የቡና ደርቢ፣ ማለትም የሁለት የአዲስ አበባ ክለቦች ጨዋታ፣ ከአዲስ አበባ ውጪ ይደረግ ነበር። ባቡሩ ግን ያኔም ስታዲየም ይቆም ነበር።

እንዴት ነው ነገሩ? አዳማ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ በፈጣን መንገዱ ቢሄዱት ይሞከራል። ሀዋሳ ወደ 275 ነው። ድሬዳዋና ባህር ዳር ግን ከ500 ኪሎ ሜትር አካባቢ እስከ ከዚያ በላይ ናቸው። ሰኞ ሥራ የሚገባ፣ ቀን ሠርቶ የሚያድር ሰው ለ90 ደቂቃ ድሬዳዋ ሊሄድ አይችልም። የሄዱም አሉ፤ አድናቆት ይገባቸዋል። ብዙሃኑ ግን ቀረ።

ለውጡ ያለምክንያት አልመጣም

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ሊጉን በተመረጡ ከተሞች የሰበሰቡት ሰዎች ደጋፊን ለመጉዳት ብለው አይደለም። ሦስት ከባድ ምክንያቶች ነበሯቸው።

አንደኛው በሽታው ነው። የ2012 ውድድር በኮቪድ ምክንያት ከ17ኛው ሳምንት በኋላ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። በሚቀጥለው ዓመት በየከተማው መዞር አልተቻለም፤ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ መጫወት መፍትሔ ሆነ።

ሁለተኛው ጸጥታ ነው። ከኮቪድ በፊት በነበሩት በ2010 እና በ2011 የውድድር ዘመናት የስታዲየም ረብሻና ከፖለቲካው የተቀዳ ጥላቻ ሊጉን አንገዳግዶት ነበር። አንዳንድ ጨዋታዎች በገለልተኛ ሜዳ ተደርገዋል። ደጋፊ ተጎድቷል፣ አውቶቡስ ተሰብሯል። ነገሩ ከሮ በ2011 ክረምት የአዲስ አበባ ክለቦች ከፕሪሚየር ሊጉ ተለይተው የራሳቸውን ሊግ እስከ ማቋቋም የሚደርስ ሐሳብ ይዘው ብቅ አሉ። ሐሳቡ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ በ2012 ሊጉ በ16 ክለቦች ቀጠለ፤ አስተዳደሩም ከፌዴሬሽኑ ወጥቶ ክለቦቹ ባለድርሻ ወደሆኑበት አክሲዮን ማኅበር ተዛወረ።

ያ ሐሳብ ቢሳካ ኖሮ የየካ ደጋፊ ምን ያገኝ ነበር? በየሳምንቱ በባቡር የሚደርስበት ጨዋታ ያገኝ ነበር፤ ይሄ እውነት ነው። ግን መቀሌን፣ ፋሲልን፣ ሲዳማ ቡናን፣ ወላይታ ድቻን የማያይበት ሊግ ይሆን ነበር። ጎረቤት ብቻ ያለበት ሊግ ምቹ ነው፤ አገር የሌለበት ሊግ ግን ጠባብ ነው። የምድብ ጥያቄ ሁልጊዜ በዚህ መሐል ነው የሚወድቀው። በጣም ሩቅ ከሆነ ደጋፊ አይደርስም፤ በጣም ቅርብ ብቻ ከሆነ ደግሞ ኳሱ የአንድ ከተማ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ የቴሌቪዥን መብት ለ5 ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ለዲኤስቲቪ ተሸጠ። ለአገራችን ኳስ እንዲህ ያለ ውል ከዚያ በፊት አልታየም። ካሜራና መኪና ይዞ በየሳምንቱ ስምንት ከተማ ከመሯሯጥ አንድ ሜዳ ላይ ተክሎ ሁሉንም ጨዋታ ማስተላለፍ ይቀላል። ክለቦቹም ገንዘቡን ይፈልጉታል። ከአዲስ አበባ ስታዲየም ይዞታ ጋር የተያያዘው ችግርም ተጨመረበት፤ የአህጉሩ ኮንፌዴሬሽን የአገሪቱን ሜዳዎች አይመጥኑም ብሎ ሲከለክል ብሔራዊ ቡድኑ ራሱ በሰው አገር «ባለሜዳ» ሆነ። ሰኔ 2014 ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው። ሀገር ምድሩ የሚጨፍርበት ድል የተገኘው ባዶ በሚመስል የሰው ሜዳ ላይ ነበር።

ምክንያቶቹ እውነት ናቸው። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፦ ለጊዜው የተባለ መፍትሔ ስንት ዓመት ሲቆይ ነው ልማድ የሚሆነው?

ከተማ የቀየሩት፣ የፈረሱት፣ የተመለሱት

ሊግና ምድብ መቀየር ለክለብ ራሱ ዕድል ነው ወይስ አደጋ? ሁለቱም ምሳሌ አለ።

ደደቢት በ2005 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ የአዲስ አበባ ክለብ ነበር። በ2011 መቀመጫውን ወደ መቀሌ አዞረ። በዚያው ዓመት ከሊጉ ወረደ። አዲስ አበባ ያለው ደጋፊው ሩቅ ቀረ፤ መቀሌ ላይ ደግሞ ከተማው የራሱ ክለብ ነበረው፤ መቀሌ 70 እንደርታ ያን ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ደደቢት በሁለት ወንበር መሐል ወደቀ።

ንግድ ባንክ በ2009 ከፕሪሚየር ሊግ ሲወርድ የወንዶቹ ቡድን እስከ መፍረስ ደረሰ። በኋላ እንደገና ተቋቁሞ በ2015 ከከፍተኛ ሊግ አደገ፣ በ2016 በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫውን ወሰደ። ከለገጣፎ ጋር ያደገው መድንም በ2017 ሻምፒዮን ሆነ። እነዚህ ቡድኖች ከታች ተነስተው ጫፍ ደርሰዋል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ግን ሁለቱም ከኋላቸው ትልቅ ድርጅት አላቸው። ደጋፊ ቢመጣም ባይመጣም ደመወዝ ይከፈላል። የከተማና የክፍለ ከተማ ክለብ ግን ከደጋፊው ሌላ የሚሟገትለት የለም። ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ «ይሄ ክለብ ለምን ያስፈልገናል?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ መልሱ ሜዳ ላይ ያለው ሕዝብ ነው። ሕዝቡ ካላየው መልስ የለም።

የቀድሞዎቹን ስሞች መጥራት ይበቃል፤ ኒያላ፣ ጉና ንግድ፣ ትራንስ ኢትዮጵያ፣ ወንጂ ስኳር፣ መተሐራ ስኳር፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ ሐረር ቢራ። አንድ ሰሞን በሊጉ ስማቸው የሚጠራ ነበር። የኳሱ ሚዛን ከፋብሪካና ከድርጅት ወደ ከተማ አስተዳደር ሲዞር ከፊታችን ጠፉ። ክለብ የሚሞተው በሽንፈት ብቻ አይደለም። የሚናፍቀው ሰው ሲያጣም ይሞታል።

የሰው አገር ትምህርት

ይህ ጣጣ የኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ዊምብልደን የሚባለው የደቡብ ለንደን ክለብ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሚልተን ኪንስ ከተማ ተወሰደ። ርቀቱ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለኛ አዲስ አበባና አዳማ ማለት ነው። ደጋፊዎቹ ግን ውሳኔው እንደተሰማ በ2002 የራሳቸውን ክለብ አቋቁመው ከዘጠነኛው እርከን ጀመሩ። በ2011 ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ተመለሱ፤ በ2020 ደግሞ በድሮው ሰፈራቸው አዲስ ሜዳ ገቡ። ደጋፊ ቁርጠኛ ከሆነ ክለብ ከዜሮ ይሠራል።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ደግሞ 12 ትላልቅ የአውሮፓ ክለቦች «ሱፐር ሊግ» ብለው ተነሱ። እዚህ አዲስ አበባ በየዲኤስቲቪ ቤቱ የሚደገፉት ስድስቱ የእንግሊዝ ክለቦች፣ እነ አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ሁሉም ነበሩበት። የራሳቸው ደጋፊ በር ላይ ወጥቶ ጮኸ። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱም ጥለው ወጡ።

በአሜሪካ ያለው ደግሞ ይብሳል። እዚያ የኮሌጅ ስፖርት ከኛ ፕሪሚየር ሊግ የበለጠ ሕዝብ ይሰበስባል፤ ኮሌጆቹም በአካባቢ በተደራጁ ሊጎች ይጫወታሉ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው የምዕራብ ጠረፍ ሊግ፣ ፓክ 12፣ በቴሌቪዥን ገንዘብ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ተበተነ። ሎስ አንጀለስ ያሉ ኮሌጆች አገር አቋርጠው ወደ 4 ሺህ ኪሎ ሜትር በርረው ኒው ጀርሲ መጫወት ጀመሩ። ፓስፊክ ውቅያኖስ አጠገብ ያለው ስታንፎርድ «የአትላንቲክ ጠረፍ» የሚባል ሊግ አባል ሆነ! ትልልቆቹ ሲሄዱ ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት የተባሉት ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ደጋፊዎቻቸው አባቶቻቸው ያወቁትን ተቀናቃኝ አጡ። ትርፉ ለትልቁ፣ ብቸኝነቱ ለትንሹ ሆነ።

የኛ ልዩነት አንድ ነው። እዚያ ሊጉ ሲርቅ ገንዘብ ያለው ደጋፊ ቢያንስ አውሮፕላን ይሳፈራል። እዚህ ለገጣፎ ሲርቅ የኮተቤው ልጅ ምርጫ የለውም።

ከእንጦጦ ሥር ያለው ትውልድ

ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው እንጦጦ የሚታወቀው በሯጮቹ ነው። ጠዋት ጠዋት በባሕር ዛፉ መሐል የሚሮጡት ልጆች ዓለም የሚያውቃቸውን አትሌቶች አርአያ አድርገው ነው የሚነሱት። አርአያቸውን አይተውታል። ያ ትልቅ ሰው እነሱ በሚሮጡበት ዳገት ሮጧል፤ አንዳንዴም አጠገባቸው አልፏል።

ከተራራው ሥር በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝ ኤምባሲ ጀርባ፣ በኮተቤ ኳስ የሚያባርረው ታዳጊ ግን ይህ ዕድል የለውም። የሚያውቀው ተጫዋች የለንደን ወይ የማድሪድ ነው። የአገሩን የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች በአይኑ ሳያይ አስራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በየሰፈሩ አለ። በ2013 ስምንት ዓመቱ የነበረ ልጅ፣ ማለትም አባቱ እጁን ይዞ ስታዲየም ሊወስደው የሚገባበት ዕድሜ ላይ የነበረ ልጅ፣ ሊጉ ከከተማው በወጣባቸው ዓመታት ውስጥ አደገ። ደጋፊነት ደግሞ እንደ ቋንቋ ነው፤ በልጅነት ካልያዙት በኋላ ይከብዳል።

ቴሌቪዥኑ ይህንን አይተካም ወይ? በከፊል ይተካል። የ«ዲኤስቲቪ ቤት» ባህል ለየካ ሰፈሮች አዲስ አይደለም። ችግሩ እዚያው ቤት ውስጥ የአገር ውስጥ ሊግ ከአውሮፓው ጋር በአንድ ስክሪን መፎካከሩ ነው። የሣሩ ውበት፣ የካሜራው ብዛት፣ የሕዝቡ ጩኸት ሲወዳደር የኛ ሊግ ተሸናፊ ነው። በስታዲየም ግን አይሸነፍም ነበር። ሚስማር ተራ ተቀምጦ የጨፈረ ሰው የሣሩን ቀለም አይቆጥርም። የኛ ኳስ ትልቁ ሀብት ቅርበቱ ነበር። እሱን ወስደን ምስሉን ብቻ ስንሸጥለት ደጋፊው የተሻለ ምስል ወዳለበት ቢሄድ ምን ይገርማል?

ምን ይደረግ?

ነገሩ መፍትሔ የሌለው አይደለም። ሁሉንም ነገር ወደ ድሮው መመለስ የሚቻል ባይመስልም ሦስት ነገሮች ቢታሰቡ ለደጋፊ ብዙ ናቸው።

መጀመሪያ፣ በተመረጡ ከተሞች የሚካሄድ ውድድር እስካለ ድረስ እያንዳንዱ ክለብ በዓመት ቢያንስ ጥቂት ጨዋታዎችን በከተማው ወይም በቅርብ ሜዳ እንዲያደርግ ሕግ ይውጣ። የቴሌቪዥን መኪና አዳማ ከደረሰ ለገጣፎ አካባቢ ለመድረስም አይቸገርም። ሜዳው ብቁ ካልሆነ ደግሞ ከቴሌቪዥን ገቢው ለሜዳ ማሻሻያ የሚሆን ድርሻ ይመደብ። ገንዘቡ የመጣው በኳሱ ነው፤ ኳሱ ደግሞ መሬት ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ በከፍተኛ ሊግና በአንደኛ ሊግ የምድብ ድልድል ሲወጣ የርቀትና የጉርብትና ጉዳይ በቅድሚያ ይታይ። ጎረቤት ክለቦች በአንድ ምድብ ይቆዩ፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓመት ሳይበተኑ ይቆዩ። ፉክክር ሥር ለመስደድ ጊዜ ይፈልጋል። በየዓመቱ ፊደል የሚቀየርበት ክለብ በየዓመቱ እንግዳ ነው።

ሦስተኛ፣ ደጋፊው ይጠየቅ። ረብሻን ለመከላከል ደጋፊን ከሜዳ ማራቅ ቀላሉ መንገድ ነው። ከባዱ ግን ዘላቂው መንገድ የደጋፊ ማኅበራትን በውሳኔው ውስጥ ማስገባት፣ ሥነ ሥርዓቱንም በነሱ ማስከበር ነው። ጥፋተኛው ይቀጣ፤ ንጹሑ ግን ከሱ ጋር አይቀጣ። ፕሮግራሙም ቀደም ብሎ ይውጣ። ሰው አዳማ ሄዶ ለማየት ቢፈልግ ደመወዝ ሲቀበል ሊያስብበት ይገባል።

ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ታስቦ በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም አለ። ለየካ ሕዝብ ከአዲስ አበባ ስታዲየም እንኳ ይቀርባል። ወንበር ግን ብቻውን ደጋፊ አይሆንም። ያንን ሁሉ ወንበር የሚሞላው ከሰፈሩ ክለብ ጋር ያደገ፣ ተቀናቃኙን የሚያውቅ፣ አባቱ ይዞት የሄደ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የሚፈጠረው እንደ ለገጣፎ ባሉ ትንንሽ ሜዳዎች፣ በከፍተኛ ሊግና በአንደኛ ሊግ ቅዳሜና እሁድ ነው።

ክለቦች ይደጉ፣ ምድብም ይቀይሩ፤ የኳስ ሕግ ነው። ግን የሚቀጥለው ለገጣፎ ወደ ላይ ሲወጣ የካራና የኮተቤ ሰው በታክሲ ሄዶ ሊያየው ይገባል። ካልሆነ ካሜራው ወደ መቀመጫው ሲዞር የሚያሳየው ሲሚንቶ ብቻ ነው።